ጭስ የሌለው ባቡርና የሰማንያው ምስክር

በእኛ በቆላው አገር፣ ሱዳን ገዳሪፍ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሸማውን ሳምንት ሙሉ አያጥብም ነበር። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ ኩራት ነው። ገዳሪፍ የከሰል ባቡር አለ፤ እሱን የተሳፈረ ሰው ጥላሸቱን ለብሶ ይመጣል። ታዲያ መተማ ገበያ መሀል ይቆምና አፍንጫውን በሸማው ጫፍ ጠርጎ ጥቁሩን ለሰው ያሳያል። «አየኸው? ይኸ የባቡር ነው» ይላል። አንድ ጎረቤታችን እንዲያውም ገዳሪፍ ሳይደርስ፣ የምድጃ ጥላሸት ሸማው ላይ ሲያሽ ሚስቱ ይዛው አገር ስቆበታል።

እኔ ከነሱ ሁሉ ርቄ ሄጄ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ ከነሱ ሁሉ የበለጠ ባቡር ተሳፍሬ ስመለስ ሸማዬ ነጭ ነበር። ጥፋቴ ይኸ ነው፤ ሌላ የለብኝም። ግን በዚህ በነጭ ሸማ ምክንያት አንዲት ሴት ከቤቷም ከልጆቿም ልትነጠል ደርሳ ነበር፤ የማወራችሁ እሱን ነው።

ጣልያን አገር ከያዘ በኋላ ጌታዬን ከሌሎች መኳንንት ጋር በግዞት ወደ አገሩ ወሰዳቸው። እኔ የእሳቸው ልብስ አጣቢና አልጋ አንጣፊ ነበርኩ። «ትከተለኛለህ ወይስ ወደ ቆላህ ትመለሳለህ?» አሉኝ። «እከተላለሁ» አልኩ። ሰው ሁሉ ታማኝነቴን አደነቀ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ባሕር ማየት አምሮኝ ነው። ባሕሩን ሳገኘው አንጀቴ እስኪወጣ አስመለሰኝና ምኞቴን ከነዘር ማንዘሩ ረገምኩት።

ያስቀመጡን ተራራ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ጌታዬ ዐይናቸውን ያማቸው ስለ ነበር በየጊዜው ወደ ትልቁ ከተማ፣ ሐኪም ዘንድ ያመላልሷቸዋል። ከፊት አንድ ወታደር፣ ከጎናቸው አስተርጓሚው፣ ከኋላ እኔ ብርድ ልብስ ተሸክሜ። መመላለሻችን ባቡር ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጣቢያው ላይ ቆሜ ጭሱን በዐይኔ እፈልጋለሁ። ባቡር ሲመጣ ጭሱ ከሩቅ ይታያል፣ ምድር ይንቀጠቀጣል ሲሉ ሰምቼ አድጌያለሁና ወደ ሰማይ እንዳንጋጠጥኩ ቀረሁ። አንድ ነገር እንደ ንብ «እምም» አለና ከፊታችን ቆመ። ሰው መግባት ጀመረ።

«ግባ እንጂ!» አለኝ ወታደሩ።

«ባቡሩ ይምጣ እንጂ» አልኩት።

ጌታዬ ያን ቀን የሳቁትን ሳቅ፣ በግዞቱ ዘመን ሁሉ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም።

ከትንሿ ከተማ እስከ መገናኛው የሚወስደን አሮጌ ባቡር ነው፤ ከመገናኛው እስከ ትልቁ ከተማ ደግሞ አዲስ። እኔ በልቤ አንዱን «ሽማግሌው» ሌላውን «ጎረምሳው» እላቸው ነበር። ሽማግሌው ቡናማ ቀለም የተቀባ፣ ፊቱ እንደ ሣጥን ቀጥ ያለ ነው። ወንበሩ እንጨት ነው፤ ቀጫጭን ጣውላ ተደርድሮ የተሠራ፣ ስንት ሰው ስንት ዓመት ተቀምጦበት እንደ አሮጌ ኮርቻ የለሰለሰ። መስኮቱን የሚያወጣውና የሚያወርደው ጠፍር ነው፤ ስትስበው ይነሣል፣ ስትለቀው ጓ ብሎ ይወርዳል። በዚያ መስኮት ጣቴን ስንት ጊዜ እንደ ተቀጠቀጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ጎረምሳው ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ግንባሩ እንደ ዶሮ እንቁላል የተሞለሞለ ነው፤ ነፋስ እንዳይዘው ብለው ነው አሉ። ሦስት ክፍሎች ተያይዘው፣ በየመጋጠሚያቸው ሁለቱ ክፍሎች አንድ የጎማ… ጎማ እንኳ አይባልም፣ አንድ የብረት እግር ይጋራሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሳትወርድ ትሻገራለህ። ወንበሩ ጨርቅ የለበሰ ነው፤ ጌታዬ ይቀመጡበታል፣ እኔ ግን ከወገቤ በታች ያለው ዕቃ እንዲያ ያለ ድሎት ስላልለመደ እያንሸራተተኝ እቸገር ነበር።

ሁለቱም ታዲያ ጣራቸው ላይ የታጠፈ የብረት ክንድ አላቸው። ክንዱ ከላይ የተዘረጋውን ሽቦ እየዳበሰ ይሄዳል፤ ጉልበቱ ያለው ሽቦው ላይ ነው። ሁለቱም ደግሞ በፊትም በኋላም ራስ አላቸው። ከደረሱበት ሲደርሱ መዞር የለ፤ ነጂው ወርዶ ወደ ኋላው ራስ ይሄዳል፣ ኋላ የነበረው ፊት ይሆናል፣ ይመለሳሉ። እሳት የለ፣ ከሰል የለ፣ ጥላሸት የለ። ጌታዬ ነጭ እንደ ለበሱ ገብተው ነጭ እንደ ለበሱ ይወጣሉ። እኔ አጣቢው ነኝ፤ ከኔ በላይ ያንን ባቡር ያመሰገነ የለም።

ሽማግሌው ባቡር ላይ ቲኬት የሚበሳ አንድ ጢማም ነጭ ነበር፤ ዕድሜውን እዚያው ባቡር ላይ የፈጀ። እንግዳ መሆኔን አይቶ በአስተርጓሚው በኩል ታሪኩን ያጫውተኝ ጀመር። ድሮ በዚያ መንገድ የከሰል ባቡር ነበር አለ። ተራራውን ሰርስሮ የሚያልፍ ዋሻ አለ፤ እዚያ ሲገባ ጭሱ መውጫ ያጣና ነጂዎቹ ታፍነው ይወድቁ ነበር። ኤሌክትሪክ የታሰበው ያኔ ነው። በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩን በሣጥን አጭቀው ሆዱ ውስጥ ጫኑበት፤ መንገድ ላይ አለቀበትና በከሰሉ ባቡር አስጎትተው መለሱት። ቀጥለው ከሐዲዱ ጎን ሦስተኛ ሐዲድ አንጥፈው ኤሌክትሪኩን በሱ ላይ ላኩት፤ የሰፈሩ በግና ውሻ እየረገጠው አለቀ። ከዚያ ወደ ላይ ሰቀሉት። መጀመሪያ ሁለት ሽቦ ነበር፤ ሲወሳሰብባቸው ጊዜ አንድ በቃ አሉ። ሽማግሌው ባቡር ይኸ ሁሉ ሲለዋወጥ ሆዱ በየጊዜው እየተቀደደ፣ ዕቃው እየወጣ ሌላ እየገባለት እስከዚያ ደረሰ።

«እኔም ሐኪም ሆዴን ቀዶኛል» አለ ጢማሙ። «ግን የገባልኝ አዲስ ዕቃ የለም፤ እሱ ይሻላል።»

እንዲህ ያለውን ነገር ተሸክሞ የሚመለስ ሰው አፉ ዝም ሊል ይችላል? አይችልም።

ጌታዬ ምሕረት ተደርጎላቸው ጎንደር እንደ ተመለሱ ብዙም አልቆዩ፤ አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኔም ወደ ቆላዬ ወረድኩ። ደርሼ ገና አቧራዬን ሳላራግፍ ገበያው መሀል ዙሪያዬን ከበው «እስቲ የነጭ አገር አጫውተን» አሉኝ። ሌላ ሌላውን ሁሉ አመኑ። ባሕሩን አመኑ፣ በረዶውን አመኑ፣ ባልና ሚስት መንገድ ላይ ተቃቅፈው ይሄዳሉ ስል እንኳ «ቱ ቱ» ብለው አመኑ። ባቡሩ ጋ ስደርስ አንድ ሐጂ፣ በገዳሪፍና በመተማ መካከል ሰሊጥና ጨርቅ የሚነግዱ የተከበሩ ሰው፣ እጃቸውን አነሡ።

«ሸማህን እስቲ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ገለበጡት፣ አሸተቱት፣ ወደ ብርሃን አነሡት።

«ነጭ ነው» አሉ። «ወላሂ፣ እኔ በባቡር የተሳፈርኩበት ሸማ በሦስት ውሃ ታጥቦ አልጠራልኝም። ጭስ የሌለው ባቡር? ልጄ፣ ጨዋታ ታውቃለህ!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። «ጭስ አልባው» የሚል ስም ወጣልኝ። እኔ ደግሞ ሲያናድዱኝ የምተው ሰው አይደለሁም፤ በየሄድኩበት ባቡሩን አነሣለሁ፣ መሬት ላይ በእንጨት እሥላለሁ፣ እምላለሁ፣ እገዘታለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ ግን ከአፋፉ ላይ ቆሜም እጮህ ነበር።

አሁን ወደ ሴትየዋ ልምጣ። ልጅነታችንን አብረን ያሳለፍን አንድ ባልንጀራ ነበረኝ። ጣልያን ከመምጣቱ በፊት ሲያገባ ሚዜው እኔ ነበርኩ። ሚዜ ማለት በእኛ አገር የሠርግ ቀን ጌጥ አይደለም፤ ለሙሽራዋ እስከ ዕለተ ሞቷ ወንድም ነው። ባልንጀራዬ ሚስቱን ያገባት በሰማንያ ነው፤ «ሀብቴ ሀብቷ፣ ሀብቷ ሀብቴ» ብሎ፣ በሦስት ምስክር ፊት፤ አንዱ እኔ ነኝ። እኔ ግዞት ሳለሁ ንዳድ ያዘውና በሦስተኛው ቀን ሞተ። ቤቱና የሰሊጥ እርሻው፣ ሁለቱ ሕፃናትም ከእሷ ጋር ቀሩ።

ይኼኔ የሟች ታላቅ ወንድም ተነሣ። «ወንድሜ ያገባት በሰማንያ አይደለም፤ በደመወዝ ነው» አለ። በደመወዝ የመጣች ሴት እንግዲህ የተዋዋለችውን ተቀብላ የምትሄድ ናት፤ ከቤቱም ከእርሻውም አንዲት ጕልቻ አትደርሳትም። «ደመወዟን በልታለች፤ ትሂድ። ልጆቹን እኔ አሳድጋለሁ፤ የወንድሜ ደም ናቸው» ብሎ ከሰሰ። ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ ሞቷል። ሁለተኛው ቋራ በረሃ ከአርበኞቹ ጋር ገብቷል፤ ብቅ ቢል ጣልያን አንገቱን ይፈልጋል። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጭስ አልባው።

ሸንጎው የተቀመጠው ሾላው ሥር ነው። ሦስት የአገር ሽማግሌዎች፣ አንድ ቄስ፣ ሐጂውም ጎረቤት ስለ ሆኑ ታዛቢ ተብለው ተጠርተዋል። እሷ ሁለቱን ልጆች ለጎረቤት ትታ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ተቀምጣለች። እኔ ቆሜ የሠርጉን ቀን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ማን የት እንደ ተቀመጠ፣ ምን እንደ ተባለ፣ ማን ዋስ እንደ ሆነ ሳይቀር። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ነገሩ አለቀ ብዬ ልቀመጥ ስል ከሳሹ ብድግ አለ።

«አባቶቼ» አለ፣ «ይኸ ሰው ጭስ የሌለው ባቡር ተሳፈርኩ ያለ ነው። በገበያ መሀል፣ በጠራራ ፀሐይ። በባቡር የዋሸ በሰማንያ አይዋሽም?»

ሰው አጉረመረመ። የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ ዕድሜ ያጎበጣቸው ግን ምላሳቸው ያልጎበጠ አባት፣ ወደኔ ዞሩ። «እስቲ ልጄ፣ ባቡሩን አስረዳን» አሉ።

ብልህ ሰው ቢሆን «አባቴ፣ የመጣነው ስለ ሰማንያ ነው» ብሎ ይቀመጥ ነበር። እኔ ግን «ባቡሩን አስረዳን» ሲሉኝ ደስ አለኝ! ሞኝነቴን አያችሁ? ሸማዬን አጣፋሁና ጀመርኩ።

«ምን ይበላል?» አሉኝ።

«ምንም አይበላም፣ አባቴ።»

«ምን ይጠጣል?»

«ምንም።»

«የማይበላ፣ የማይጠጣ» አሉ ቄሱ፣ «መልአክ ነው እንግዲህ።»

«ጉልበቱን ከሽቦ ነው የሚያገኝ» አልኩ። «ሽቦው ከላይ ተዘርግቷል፤ ባቡሩ በክንዱ ይነካዋል።»

«ሽቦውስ ከየት አመጣው?»

«ከውሃ።»

«ከምን?»

«ከተራራ ላይ ውሃ ይለቁታል፤ ውሃው ሲወርድ መንኰራኵር ያዞራል፣ መንኰራኵሩ ኤሌክትሪኩን ያወጣል፣ በሽቦ ይመጣል።»

«ውሃ እሳት ወለደ ነው የምትለን?»

ጉድ በል ጎንደር! ሾላው ሥር የተቀመጠው ሁሉ ጭኑን እየመታ ሳቀ። የኔ ላብ ይንቆረቆራል። «እሺ ይሁን» አሉ አለቃው፣ «ፊቱ የትኛው ነው?» «ሁለቱም ፊት ነው» አልኩ። «ጅራቱስ?» «ጅራት የለውም።» ከኋላ አንዱ «ይኸ ባቡር አይደለም፣ ዘንዶ ነው!» አለ። እኔም ብሶብኝ ስለ ሦስተኛው ሐዲድና ስላለቁት በጎች አነሣሁ። የባሰ ሆነ። «በግ የሚፈጅ ዘንዶ» ተባለ።

ሐጂው ተጠየቁ። መልካም ሰው ናቸው፤ ሊያጠፉኝ አልፈለጉም። «ይኸን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ክፉ አይደለም፣ ጨዋታ ይወዳል እንጂ» አሉ። «ግን አላህን ፈርቼ ልናገር። ባቡር አውቃለሁ። ያለ ጭስ የሚሄድ አላየሁም። ሸማውም ነጭ ነበር።»

ቁጣዬ ወጣ። ቁጣዬ ሲወጣ ደግሞ አእምሮዬ አብሮ ይወጣል። «እንግዲያማ ከገበያው ማዶ ጣልያን በሠራው ምሽግ ያለውን መካኒክ ጥሩት!» ብዬ ጮኽኩ። «የኤሌክትሪክ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰውን! እሱ ይመስክር!»

ሳቁ ቀጥ አለ። እሷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ዐመድ መስሏል። አለቃው ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ልጄ» አሉ፣ «ጣልያን ምስክር ሆኖ የገባበትን ሸንጎ ነገ ጣልያን ዳኛ ሆኖ ይቀመጥበታል። ይኸን እርሻ አንዴ በመዝገቡ ካስገባው፣ የእሷም የእሱም አይሆንም። ይኸንን ቃል እንዳልሰማን ሆነናል።»

አፈርኩ። እውነታቸውን ነው። አንገቴን ደፋሁ።

ተመካከሩና ጠሩኝ። «ሁለት መንገድ አለህ» አሉኝ አለቃው። «ባቡሩ ጨዋታ ነበር በል። ጨዋታ ውሸት አይደለም፤ የሰማንያውን ቃልህን በመሐላ እንቀበልሃለን። ባቡሩ እውነት ነው ካልክ ግን፣ ልጄ፣ ከነባቡርህ ትሄዳለህ። እሷም ትወጣለች፣ ልጆቹም ለአጎታቸው። ሂድና ምከር።»

አስቡት እንግዲህ! እውነተኛ ምስክር ለመሆን መዋሸት አለብኝ። ባልዋሽ ውሸታም ነኝ። እንዲህ ያለ ፍርድ ሰሎሞንም አልፈረደ። ከሾላው ጀርባ ሄጄ ግንዱን በቡጢ መታሁት፤ አመመኝ። እሷ ተከትላኝ መጣች።

«ሚዜዬ» አለች፣ «አፈር ስሆንልህ፣ ባቡሩን ተወው።»

«እቴ፣ እውነት ነው እኮ! በዐይኔ ያየሁት፣ በቂጤ የተቀመጥኩበት!»

የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«አንቺ ታምኚኛለሽ?» አልኳት።

መሬት መሬት አየች። ሴትየዋ ውሸት አታውቅም፤ በዚህ ሰዓት እንኳ፣ ቤቷ በኔ ምላስ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ እንኳ፣ «አዎ» ማለት አልሆነላትም።

«አላምንህም» አለችኝ። «ግን በሞቴ አትቀየመኝ። ሰውም እኮ ብቻውን ግዞት ሲቀመጥ፣ ሲከፋው፣ ያላየውን ያያል። ባቡሩን አላምንህም። ሰማንያዬን ግን አንተ ነህ ያየህልኝ። ልጆቼን አታስወስድብኝ።»

እኔን አፈር ይብላኝ። ያ ሁሉ ቁጣዬ እንደ ፈሰሰ ውሃ የት እንደ ገባ አላውቅም። ተመልሼ ሸንጎው ፊት ቆምኩ። ቄሱ መስቀሉን ዘረጉልኝ፤ ጨበጥኩት። «የሰማንያው ቃሌ እውነት ነው» አልኩ። «ባቡሩ ጨዋታ ነበር። ጭስ የሌለው ባቡር አላየሁም፣ አልተሳፈርኩም።» ሁለቱን በአንድ መስቀል፣ በአንድ ትንፋሽ ማልኩ። አንዱ እውነት፣ አንዱ ቅጥፈት።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ ሐጂው፣ ከልባቸው ደስ ብሏቸው። «ጨዋ ሰው ጨዋታውን ጨዋታ ይላል።» ከሳሹ ተረታ። ቤቱም እርሻውም ልጆቹም ለእሷ ተፈረዱ። እልል ተባለ። ሰው ትከሻዬን እየመታ «አንተ ጭስ አልባ፣ አንጀታችንን በሳቅ ጨረስከው እኮ» ይለኛል። ውሸታም ሲሉኝ ከነበረው ይልቅ ያ ምስጋና አንገበገበኝ።

ዛሬ ይኸን ሁሉ የማወራው እሷም ከሳሹም አፈር ስለ ለበሱ ነው። ቤቱንም የልጅ ልጆቿ አፍርሰው ቆርቆሮ አልብሰው ሠርተውታል፤ መሐላዬን ባፈርስ የሚነቀል ጕልቻ የለም። ያን ጊዜ ግን ኃጢአቱ ከበደኝ። መስቀሉን ለያዙት ቄስ እንዳልናዘዝ ነገሩ እዚያው ሊፈርስ ነው። ወደ ጭልጋ ስወጣ ለማያውቁኝ አንድ አባት ተናዘዝኩ። «በሐሰት ማልክ፤ ሃምሳ ስግደት» አሉኝ። «ምን ብለህ ነው የማልከው?» ሲሉኝ «ጭስ የሌለው ባቡር አላየሁም ብዬ ነው፣ አይቼ ሳለ» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። «ንስሐ ላይም ትቀልዳለህ? መቶ አድርገው» አሉኝ። መቶ ሰገድኩ፤ ጉልበቴ ሳምንት አልታዘዘኝም።

ከዚያ በኋላ ባቡር የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ገበያ ላይ ሰው «ገዳሪፍ ደርሼ ነበር» ብሎ አፍንጫውን ሲጠርግ ምላሴን ነክሼ እቀመጣለሁ። ሰው ይገርመዋል፤ «ምነው ዝም አልክ፣ አንተ?» ይለኛል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እላለሁ። በበቅሎ ዕቃ መጫን ጀምሬ ነበርና ሥራውም ረዳኝ፤ በቅሎ ወሬ አይጠይቅም።

አንድ የገበያ ቀን፣ የሰሊጡ አጨዳ ካለቀ በኋላ፣ ከደጋ ያወረድኩትን በርበሬ መተማ ላይ ደርድሬ የተቀደደ ጆንያ እሰፋለሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከሳሹ፣ ያ የሟች ወንድም፣ መጣና ሰላም አለኝ። ከፍርዱ በኋላ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። አጠገቤ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ አነሣ፣ ስለ አንበጣው አነሣ። በእንጨት መሬቱን ይጭራል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለ።

«ጠይቅ።»

«ነጂው ወደ ኋላው ራስ ሲሄድ፣ የፊቱ ራስ ባዶ ይቀራል አይደል?» አለ። «ታዲያ አንዱ ባለጌ ገብቶ ቢነዳውስ? ይኸኛውም ወዲህ፣ ያኛውም ወዲያ ቢጎትት፣ ባቡሩ ከመሀሉ አይበጠስም?»

ልቤ ዘለለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ! ሽማግሌዎቹ አልጠየቁኝ፣ ሐጂው አልጠየቁኝ፣ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ተመላልሼ ነው ያሰብኩት። ይኸ ሰው በሬ ጠምዶ እያረሰ፣ ሰሊጥ እያጨደ፣ ባቡሩን በሐሳቡ ሲነዳው ከርሟል። መልሱንም አውቀዋለሁ! የናስ እጀታ አለ። ነጂው ሲወርድ ነቅሎ ይይዘዋል፤ ጣቢያውን በእግሩ ተራምዶ ኋላው ራስ ላይ ይሰካዋል። ለአንድ ባቡር አንድ እጀታ ነው፤ እጀታ የሌለው ራስ ደንቆሮ ነው፣ ማንም ቢገባበት አይሰማም። ሽማግሌው ላይም ጎረምሳው ላይም በዐይኔ አይቻለሁ፤ ነጂው እጀታውን በብብቱ ሥር ሽጉጥ አድርጎ ሲያልፍ ደርዘን ጊዜ መንገድ ለቅቄለታለሁ። ቃሉ ጥርሴ ድረስ መጣ።

ያን ጊዜ መሐላዬ ትዝ አለኝ። «እጀታ አለ» ካልኩ ባቡሩ አለ። ባቡሩ ካለ መሐላዬ ሐሰት ነው። መሐላዬ ሐሰት ከሆነ ሰማንያውም ይፈርሳል፣ እሷም ከነልጆቿ… የሚጠይቀኝ ደግሞ ማን ነው? እሱ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ዐይኑን አየሁት፤ ተንኮል አላየሁበትም። ግን ተንኮልን በዐይን አይቶ የሚያውቅ ማን ነው?

«የምን ባቡር?» አልኩት።

«ያ የነገርከን።»

«ጨዋታ ነበር እኮ። መስቀል ጨብጬ ስምል አንተስ አልነበርክም?»

ከእጁ እንጨቱን ጣለ። «እኔ እኮ አምኜህ ነበር» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ሁሉ ሲስቅብህ እኔ አልሳቅሁም። ውሃው፣ ሽቦው፣ ሁለቱ ራስ… እንዲህ ያለውን ሰው ከሆዱ አያወጣውም ብዬ። ቤቱን ፈልጌ ነው የከሰስኩ፤ አልዋሽህም። ባቡሩን ግን አምኜ ነበር። እንደው ሥራ ስፈታ ያለሁት እሱ ውስጥ ነው።»

መርፌዬን ጆንያው ላይ ሰካሁ።

«እንግዲያ ሞኝ ነበርካ!» አልኩት።

ፊቱ ወደቀ። ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ «ደኅና ዋል» አለኝና ወደ ከብት ተራው ሄደ። ጀርባውን እያየሁ፣ ተነሥቼ ልሮጥ፣ «እጀታ አለው! በብብቱ ይዞት ይሄዳል!» ብዬ ገበያውን በጩኸት ላናውጠው ምንም አልቀረኝ። ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ። እንባዬ በጉንጬ ላይ ሲወርድ ነው የታወቀኝ፤ ትልቅ ሰውዬ፣ በቀትር፣ በገበያ መሀል።

«ምነው፣ ምን ሆንክ?» አሉኝ አጠገቤ ያሉት።

«በርበሬው ነው» አልኳቸው።

አመኑኝ።